ንጋት የሌለው መርዶ

መቼም የበዓል ማግስት የሰው ቤት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ትልልቆቹ ጠግበው ሶፋው ላይ ጋደም ይላሉ፤ ሕፃናቱ ደግሞ የሚያደርጉትን አጥተው በሰው እግር ሥር ይርመሰመሳሉ። ባንድ የፋሲካ ማግስት እኛ ቤትም እንደዚያው ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጄ ሕፃናቱ ዝም እንዲሉልን ብሎ አንድ የካርቱን ፊልም ከፈተላቸው፤ «ዘ ላየን ኪንግ» የሚባለውን፣ የአንበሳውን ንጉሥ። ልጆቹ እውነትም ዝም አሉ። ዝም ያላልነው እኛ ነን።

ፊልሙን ላላየ አንባቢ ባጭሩ ላውጋው። የዲዝኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ሲሆን አዘጋጆቹ ሮጀር አለርስና ሮብ ሚንኮፍ ናቸው። ሙፋሳ የሚባል የአንበሶች ንጉሥ ሲምባ የሚባል ደቦል አለው። ስካር የተባለው የንጉሡ ወንድም ዙፋኑን ስለሚመኝ ደቦሉን አታልሎ ሸለቆ ውስጥ ያስቀምጥና፣ ጅቦቹ የዱር ከብት መንጋ እንዲያስደነብሩበት ያደርጋል። አባት ልጁን ያድነዋል። ራሱ ግን ገደሉን ቧጥጦ ሊወጣ ሲል ወንድሙ ወደ ታች ይወረውረዋል። ደቦሉ የአባቱን መውደቅ እንጂ የአጎቱን እጅ አላየም። ሬሳውን በአፍንጫው እየነካካ ሊቀሰቅሰው ይሞክራል፤ አልነሣ ሲለው ክንዱ ሥር ገብቶ ይተኛል። ያን ጊዜ አጎትየው ይመጣና «አባትህ የሞተው ባንተ ነው» የሚል መርዝ ይረጭበትና አገር ለቅቆ እንዲጠፋ ያደርገዋል። ልጁ ይሰደዳል፣ ባዕድ አገር ያድጋል፣ በመጨረሻ ተመልሶ እውነቱን ያገኛል።

ታዲያ ፊልሙ ሲያልቅ መጀመሪያ የተነሡት ሐረር ተወልደው ያደጉት፣ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ናቸው።

«ጅብን እንዲህ ስሙን ያጠፉታል?» አሉ፣ የራሳቸው ዘመድ የተሰደበ ያህል ተቆጥተው። በሐረር በጀጎል ግንብ ሥር ለጅብ መተላለፊያ የተተዉ ቀዳዳዎች እንዳሉ፣ ማታ ማታ ጅብ የሚያበሉ ሰዎች በስሙ እየጠሩት እንደሚያጎርሱት አጫወቱን። በዚያ ላይ ሳይንሱን ጨመሩልን። ሃንስ ክሩክ የተባለ ተመራማሪ በታንዛኒያ ጅቦችን ለዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጅብ ትራፊ ለቃሚ ብቻ ሳይሆን ራሱ አድኖ የሚበላ መሆኑን፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ነጣቂው አንበሳው እንደሆነ አሳይቷል አሉን። እኔም በልቤ፣ የኛስ ተረት መቼ ለጅብ ራራለት አልኩ። በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ማን ነበር?

ልጄ ደግሞ ሌላ አቅጣጫ ያዘ። «ጋሼ፣ ነገሩ የጅብ ብቻ አይደለም» አለና የሁለቱን ጅቦች ድምፅ የሰጡት ጥቁሯ ዉፒ ጎልድበርግና የሜክሲኮ ዝርያ ያለው ቺች ማሪን መሆናቸውን ነገረን። ጅቦቹ በድንበር ማዶ፣ በጨለማና በረሃብ የሚኖሩ ናቸው፤ ወደ ለምለሙ ምድር ሲገቡ አገሩ ይደርቃል፤ የባለዙፋኑ ልጅ ሲመለስ ዝናብ ይዘንባል። «ይሄ ለሕፃን ምን ያስተምራል? ድሃ ቦታውን ይወቅ ነው?» አለ። ፊልሙ በወጣበት ዓመት አሜሪካ ውስጥም ይህን ያሉ ሐያስያን ነበሩ። እኔ ግን የንጉሡ የሙፋሳ ድምፅም የጥቁሩ ተዋናይ የጄምስ ኧርል ጆንስ መሆኑን አስታወስኩት። ትንሽ ቀዝቀዝ አለ፤ አልተረታም እንጂ።

ከዚያ ተራው የኔ ሆነ። የድሮ የሥነ ጽሑፍ መምህር ዝም ብሎ ፊልም አያይም፤ ይህ የሙያ በሽታችን ነው። «ይህማ ሐምሌት ነው!» አልኩ። ወንድሙን ገድሎ የነገሠ አጎት፣ የተበደለ ልዑል፣ የአባት መንፈስ… ሎሬት ጸጋዬ ወደ አማርኛ ከመለሰው ከሼክስፒር ተውኔት ጋር እያነጻጸርኩ የክፍለ ጊዜዬን ያህል ተናገርኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ማንም አላቋረጠኝም።

የመጨረሻውን ቃል የወሰደችው ታላቅ እህቴ ናት። «እናንተ ስለ ጅብና ስለ ንጉሥ ትጨቃጨቃላችሁ። እኔ የምለው፣ የሞተ አባት ለሕፃን ይታያል ወይ? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?» አለች። የተናገረችው ወደ ልጄ እያየች ነው። ለምን እንደዚያ እንዳለች ከልጆቹ በቀር ሁላችንም ገብቶናል።

እህቴ የሰባት ዓመት የልጅ ልጅ አለቻት፤ ሚጢ እንላታለን። አባቷ የሞተው እሷ አምስት ዓመቷ ሳለ ነው። ያኔ ቤተ ዘመድ ተመካክሮ «አሜሪካ ለሥራ ሄዷል» ተባለላት። ለለቅሶው ሳምንት ወደ ሌላ ዘመድ ቤት ተላከች። እናቷ ጥቁር ስትለብስ «የሩቅ ዘመድ ሞቶ» ነው። ከመካካሪዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ከመምከርም አልፌያለሁ፤ አንዴ ከውጭ አገር ስመለስ አሻንጉሊት ይዤላት መጥቼ፣ «አባዬ ነው የላከልሽ» ብዬ ሰጥቻታለሁ። ስትስቅ አይቼም ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በዚያ ሁሉ ክርክር መሐል ሐሳቧን ያልጠየቅናት ሚጢን ነበር። እሷ ደግሞ ሳትጠየቅ ተናገረች። ወደ እናቷ ጠጋ ብላ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ግን ሁላችንም በሰማነው ድምፅ፦

«እማዬ፣ አባዬ የማይደውልልኝ እኔ ስላስቸገርኩት ነው?»

አንባቢዬ፣ ብዙ ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜ «ይህ ድርሰት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠይቄያለሁ። እንደዚያ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም። አምስታችን ከየራሳችን ሕይወት ተነሥተን አምስት ፊልም አይተናል። ጎረቤቴ ሐረርን አዩ፤ ልጄ ፖለቲካውን አየ፤ እኔ ሼክስፒርን አየሁ፤ እህቴ የቀበረችውን አማቿን አየች። ሕፃኗ ግን ከሁላችንም በላይ ወደ ታሪኩ እምብርት ቀርባለች። ምክንያቱም የዚያ ፊልም ቁም ነገር የአባት መሞት ብቻ አይደለም። እውነቱን ያልሰማ ልጅ ጥፋቱን ወደ ራሱ ማዞሩ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ትንታኔም ላርም። ሐምሌትና ሲምባ ዋናው ነገር ላይ ይለያያሉ። ሐምሌት የአባቱ መንፈስ የሞቱን ምስጢር ነግሮታል፤ ጭንቀቱ ያወቀውን እውነት ምን ላድርገው የሚል ነው። የሲምባ አባት መንፈስ ግን ማንነቱን እንዲያስታውስ ይነግረዋል እንጂ ማን እንደገደለው አይነግረውም። ልጁ አድጎ ጎፈር እስኪያወጣ የተሸከመው የውሸት ዕዳ ነው። ዲዝኒ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1942 ባወጣው «ባምቢ» በተባለው ፊልም እናቲቱ ስትሞት በዓይን አትታይም፤ ተኩሱ ብቻ ይሰማል። ነገር ግን አባትየው መጥቶ፣ እናትህ ከእንግዲህ አብራህ ልትሆን አትችልም ብሎ በግልጽ ይነግረዋል። እንግዲህ ከሁለቱ የቱ ነው ለሕፃን የሚከብደው? ሞትን ማየት ወይስ ማንም ሳይነግር መቅረቱ?

እህቴን ለመውቀስ አይደለም። መርዶን በወጉ መንገር የአገራችን ትልቅ ጥበብ ነው። ባዕድ አገር ላለ ሰው የእናቱን ሞት በስልክ ዘርግፈን አንነግረውም። ዘመድና ወዳጅ ይሰበሰባል፣ ሳይነጋ በሩ ይንኳኳል፣ የሚደግፈው ትከሻ አጠገቡ ሆኖ ይነገረዋል። እስከዚያ ድረስ ይደበቃል፤ መደበቁም ውሸት አይባልም። ለምን ቢሉ፣ የተቀጠረ ንጋት አለው። እኛ በሚጢ ላይ ያደረግነው ግን ንጋት የሌለው መርዶ ነው። ዛሬ ታድግ፣ ነገ ትጠንክር እያልን ሁለት ዓመት አሳለፍን። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ እኛ ግን ሌሊቱን ያራዘምነው ለሕፃኗ ብቻ ሳይሆን፣ ስትጠይቀን የምንመልሰው ስላልነበረን፣ ለራሳችንም ጭምር ነበር።

«ስካር የዋሸው በክፋት፣ እኛ የዋሸነው በፍቅር ነው፤ እንዴት አንድ ይሆናል?» ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው፤ አንድ አይደለም። በሕሊና ፊት ሐሳብ ይመዘናል። ችግሩ፣ ልጅ ሐሳባችንን አያይም። የሚያየው ያልተደወለ ስልክ ነው፤ ስትገባ ንግግር የሚያቋርጥ ትልቅ ሰው ነው። ክፍተቱን ባላት ትንሽ ዕውቀት ትሞላዋለች፤ በሰባት ዓመት ደግሞ በዓለም ላይ ያለው ምክንያት ሁሉ «እኔ» ነው። ስካር በአንደበቱ ለሲምባ ያለውን፣ ለሚጢ ዝምታችን ብሎላታል።

በዚያ ቀን ማንም ምንም አልመለሰላትም። እናቷ አቅፋት ወጣች። እህቴ «ይኸውላችሁ ፊልማችሁ!» ብላ ልጄን ተቆጣችው። እሱም አንገቱን ደፋ። ጎረቤታችን ባርኔጣቸውን አንሥተው ተሰናበቱን። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ቤተ ዘመዱ ተወዛገበ። እህቴ እያለቀሰች ጭምር ተቃወመች፤ «የአንድ ሕፃን ልጅነት ስንት ዓመት ነው? ቢያንስ እሱን ተዉላት» ስትለኝ መልስ አጥቼ ነበር። የቆረጠችው እናትየው ናት። «እኔ ነኝ እናቷ፤ ከሰው ከምትሰማው ከኔ ትስማ» አለች።

አንድ እሑድ ሳይነጋ ሄድን። እንደ ወጉ። እናቷ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ አያቷ እግሯን ይዛ፣ አባዬ ታሞ እንደ ነበር፣ ሐኪሞች እንዳልቻሉ፣ እንደ ሞተ፣ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ ነገረቻት። ሚጢ አለቀሰች። ሁላችንም ከሁለት ዓመት በፊት ከእሷ ተደብቀን ያለቀስነውን፣ አሁን ከእሷ ጋር አለቀስን። ከዚያ የት እንደተቀበረ ጠየቀች፤ ልሂድ አለች፤ ከሰዓት በኋላ ወሰድናት።

ታላቅ እህቴ እስከ ዛሬ ፊልሙ ለልጅ አይሆንም ትላለች። ምናልባት ትክክል ትሆናለች፤ ብቻውን ለተቀመጠ ልጅ አይሆን ይሆናል። አሜሪካኖቹ ለማንኛውም ዕድሜ ይሆናል የሚል ምልክት ለጥፈውበታል፤ ምልክቱ ግን አጠገቡ ማን ይቀመጥ አይልም። ልጄም ስለ ጅቦቹ፣ ጎረቤቴም ስለ ጅቦቹ፣ በየፊናቸው እንደጸኑ ናቸው። ይከራከሩ፤ ክርክር መልካም ነው።

እኔን ግን ከመቃብሩ ስንመለስ መኪና ውስጥ አንድ ጥያቄ ጠበቀኝ። ሚጢ እጄን ይዛ ብዙ ካሰበች በኋላ፣

«ጋሼ፣ አሻንጉሊቷን ታዲያ ማነው የላካት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። እጄን ግን አልለቀቀችም።