የተጠበቀ ምድር ለማን ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናንም ተሻግሮ ቁልቁል ሲወርድ፣ ከብርድ ወደ ሙቀት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሸጋገራል። ከታች የሚቀበለው የይፋት ቆላ ነው፤ ሸዋ ሮቢት፣ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርት፣ ማሽላውና ማሾው፣ ግራሩና ቁርቁራው። ሜዳው ለዓይን ሰፊ ቢመስልም ውሃ የሚደርሰው ለም መሬት ግን ጠባብ ነው። ከተማ ሲያድግ ለቤት መሥሪያ አስቀድሞ የሚታሰበውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ለጥ ያለና ለመንገድ የቀረበ ስለሆነ።

እንግዲህ በዚህ ዘመን በብዙ አገር የሚነሣ አንድ ጥያቄ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የአንድ አካባቢ ነዋሪዎች «ይህ መስክና ይህ ዱር፣ በውስጡም የሚኖሩት አራዊትና አዕዋፍ አይነኩ፤ ቤት አይሠራበት» ሲሉ የሚያደርጉት መልካም ነገር ነውን? ወይስ መጠለያ በሌለው ወንድማቸው ፊት በር መዝጋታቸው ነው?

ጥያቄውን አቅልለን ልናልፈው አይገባም። ጌታችን በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ አጥቶ በግርግም የተኛ መሆኑን የምናስታውስ ሰዎች፣ ቤት የሌለውን ሰው ጩኸት ከሁሉ በፊት ልንሰማ ይገባናል። በአንዲት ክፍል ኪራይ አምስት ስድስት ሆነው ለሚያድሩ ቤተሰቦች ስለ ጅግራና ስለ ከርከሮ መኖሪያ መስበክ ቀላል ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር በከተሞች ዙሪያ ቤት እንዳይሠራበት በሕግ የተከለለ «አረንጓዴ መቀነት» የሚሉት መሬት አለ። መስኩን ማትረፉ የተመሰገነ ቢሆንም፣ ቤት ያላቸው ሰዎች ቤት የሌላቸውን ለመከልከል ይጠቀሙበታል የሚል ወቀሳ አልተለየውም። ወቀሳው ሁልጊዜ ሐሰት ነው ልንል አንችልም። ሰው የራሱን አጥር እየወደደ ተፈጥሮን የምወድ ነኝ ሊል ይችላልና።

በሌላ በኩል ግን የናቡቴን ታሪክ እናስታውስ። ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ የፈለገው ለአትክልት ስፍራ ነበር፤ የተሻለ ቦታ ወይም ዋጋውን በገንዘብ ሊሰጠው ቃል ገባ። እንደ ዛሬው አነጋገር ካሣ ቀርቦለት ነበር ማለት ነው። ናቡቴ ግን እምቢ አለ፤ የአባቶቹ ርስት በዋጋ የሚለወጥ ዕቃ አልነበረምና። የአክዓብ ቤት ኃጢአት የተፈጸመውም ንጉሡ መሬቱን በመጠየቁ አልነበረም፤ እምቢታውን መስማት አቅቷቸው በሐሰት ምስክርና በሕግ ሽፋን ሰውየውን በማስገደላቸው እንጂ።

የእኛም አገር በዚህ ረገድ መራራ ትምህርት አላት። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት የኦሮሚያ ከተሞችና ገጠሮች ጋር በአንድነት ለማልማት የወጣው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም.፣ ዳግመኛም በ2008 ዓ.ም. ከባድ ተቃውሞ አስነሣ። የብዙ ሰዎች ሕይወት ከጠፋ በኋላ ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የልማትና የአካባቢ ዕቅድ ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ደንግጎ ነበር። አስቀድሞ በቅንነት ሊጠየቅ የሚገባው ቃል ዘግይቶ በለቅሶ ተሰማ።

ታዲያ ነዋሪዎች ምድርን መጠበቅ የሚችሉት እንዴት ነው? ለዚህ ከይፋት ቆላ በላይ፣ በመንዝ ደጋ ያለው የጓሳ መስክ ምስክር ይሆነናል። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ሣራማ ምድር ነው። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደ ኖረ በሚነገረው፣ «ቄሮ» ብለው በሚጠሩት ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። በመረጡት አለቃ አማካይነት መስኩን ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ ተከፍቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፤ በድርቅ ጊዜም ከብት ይሰማራበታል። ሰዎቹ ለራሳቸው ኑሮ ሲሉ በጠበቁት በዚህ መስክ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ተርፈዋል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ፣ ቁጥሩም በጥቂት መቶዎች ብቻ የሚቈጠር አውሬ ነው።

ይሁን እንጂ እውነቱን ሙሉ በሙሉ መናገር አለብን። በቀድሞው ሥርዓት የጓሳ ተጠቃሚዎች የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች ነን የሚሉት ነበሩ፤ ርስት የሌለው ሰው ከአጥሩ ውጭ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር የቄሮ ሥልጣንም ወደቀ፤ ጠባቂ ያጣው መስክም ተጎዳ። የአካባቢው ሕዝብ ጥበቃውን ዳግመኛ ሲያቋቁም ግን ትውልድ ሳይጠይቅ የየቀበሌውን ነዋሪ በማሳተፍ ሆነ። ለእኛ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ያለ ፍትሕ የቆመ አጥር አንድ ቀን መፍረሱ አይቀርም፤ አጥሩ ሲፈርስ ደግሞ ከበደለኛው ጋር ሣሩም አውሬውም ይጠፋል።

ጥበቃው ከአጥሩ ውጭ ላለው ሰውም ይተርፋል። በደጋው ላይ የቆመ ሣር የክረምቱን ዝናብ ይይዛል፣ ወደ መሬት ያሰርጋል፣ በበጋ በምንጭ መልክ ይመልሰዋል። ከመንዝና ከጣርማ በር ከፍታዎች ወደ ይፋት፣ ከዚያም ወደ አዋሽ የሚወርዱት ወንዞች የዚህ ስጦታ ተካፋዮች ናቸው። ዳገቱ ሲራቆት ግን ውሃው በክረምት ጎርፍ ሆኖ ይመጣል፣ በበጋ ይጠፋል። የቆላው ሽንኩርት አምራች ፊቱን አይቶት ለማያውቀው የደጋ ሰው ባለዕዳ ነው።

ስለዚህ «አይሠራበት» የሚለውን ድምፅ የምንመዝነው በዚህ ሚዛን ነው። ተናጋሪው ለራሱ ብቻ ነውን የሚጠብቀው ወይስ ለማያውቀውም ሰው? ለሚጠበቀው ነገር እርሱስ ምን ይከፍላል? የመስኖ መሬት ይትረፍ የሚል ሰው፣ ቤቱ በጭንጫው ተዳፋት ወይም በከተማው ውስጥ ጦሙን በሚያድረው ቦታ እንዲሠራ አብሮ ሊመክር፣ አዲስ ጎረቤትም ሊቀበል ይገባዋል። ይህን የማያደርግ ከሆነ ቤት የሌለው ሰው የሚያቀርብበት ክስ ትክክል ነው። ቤት ሠሪውና ባለሥልጣኑም በበኩላቸው ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና ሲታሰብ ሕዝቡን ይጠይቁ፤ እምቢታንም እንደ ክፉ ነገር አይቁጠሩት።

ስለ አራዊቱስ? እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ የታወቀችና የአንኮበር ስም የተሰጣት አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። ቀለሟ ቡናማ ነው፤ አትበላም፣ አትሸጥም። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2007 ዓ.ም. «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው እያንዳንዱ ፍጡር ለሰው ከሚሰጠው ጥቅም ባሻገር በፈጣሪው ፊት የራሱ ዋጋ እንዳለው አስተምረዋል። በዚያው መልእክት የድሆችን ጩኸትና የምድርን ጩኸት አልለዩም። እኛም ልንለያቸው አንችልም። ሰው በገነት የተቀመጠው ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ ነበር፤ ሁለቱ አንድ አደራ ናቸው።

ለልጆቻችን ቤት ልንሠራላቸው ግድ ይለናል። በቤታቸው ደጃፍ ቆመው የሚያዩት መስክና የሚጠጡት ውሃ መተውም የዚያው ግዴታ ክፍል ነው። አደራውን ሳንከፍለው እንድንወጣ እግዚአብሔር ማስተዋልን ይስጠን።