የሚንቀሳቀስ ቤትና የማይቀር ተጠያቂነት

ሰው መኖሪያ አለው የሚባለው በአንድ ቦታ ተተክሎ ሲቀመጥ ነው ወይስ መኖሪያነት ከመሬትና ከግድግዳ የተለየ መሠረት አለው የሚለው ጥያቄ በሃይማኖትም በፍልስፍናም ዘንድ ብዙ ዘመን ያስቆጠረ ነው። አርስጣጣሊስ «ፖለቲካ» በተሰኘው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ፣ ከፖሊስ ማለትም ሕግና ጉርብትና ካስተሳሰረው የከተማ ማኅበር በተፈጥሮው ውጭ የሆነ ፍጡር ወይ ከሰው ያነሰ ወይ ከሰው የላቀ እንደሚሆን ያስተምራል፤ መጽሐፍ ቅዱስ በአንጻሩ አብርሃምን፣ ይስሐቅንና ያዕቆብን በተስፋይቱ ምድር እንኳ በድንኳን የኖሩ እንግዶች አድርጎ ያቀርባቸዋል። አንደኛው ትምህርት መንገደኛውን አንዳች ነገር የጎደለው ሰው አድርጎ ሲያየው፣ ሁለተኛው መንገደኛነትን የእምነት ምልክት ያደርገዋል። ሁለቱን ለማስታረቅ ቤቱን ይዞ የሚዞር ሰው በእርግጥ ምን እንደተወና ምን መተው እንዳልቻለ መመርመር ያስፈልጋል፤ ለዚህም በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ምድረ በዳ የብርዱን ወራት የሚያሳልፉ የሙሉ ጊዜ ተጓዦች ኑሮ ግልጽ ማሳያ ይሆናል።

እነዚህ ተጓዦች የሚኖሩት አርቪ በሚባል፣ መኝታ፣ ማብሰያና መጸዳጃ በተሟላለት ተሽከርካሪ ወይም በመኪና በሚጎተት ቤት ውስጥ ሲሆን፣ የሙሉ ጊዜ ተጓዥ የሚባለውም ከዚህ ሌላ የሚመለስበት ቤት የሌለው ነው። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍልና በካናዳ በረዶ መውረድ ሲጀምር ብዙዎቹ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ ከሚሰበሰቡባቸው ስፍራዎች ሁሉ ስሟ የሚነሣው፣ ከኮሎራዶ ወንዝ በስተምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሶኖራ ምድረ በዳ የምትገኘው የአሪዞናዋ ኳርትዝሳይት ናት። የከተማዋ ቋሚ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ 2,500 እንኳ አይሞሉም፤ በጥር ወር ግን በዙሪያዋ ያለው ሜዳ እስከ ተራሮቹ ግርጌ ድረስ በተሽከርካሪዎች ይሞላል። በዚያ ወራት የቀኑ ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል፣ ሌሊቱ ግን ብርድ ነው፤ በበጋው አጋማሽ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ከሚያዝያ በኋላ በዚያ የሚቆይ ተጓዥ ጥቂት ነው።

መሬቱ በአብዛኛው የሕዝብ ሲሆን የሚያስተዳድረውም የፌዴራሉ መንግሥት የመሬት አስተዳደር ቢሮ ነው። ቢሮው እ.ኤ.አ. በ1983 የረጅም ጊዜ ጎብኚዎች ስፍራ የተባሉ ሜዳዎችን ለይቶ የከፈተ ሲሆን፣ ከኳርትዝሳይት በስተደቡብ ባለው ላ ፖሳ በተባለው ስፍራ ፈቃድ ያወጣ ሰው ከመስከረም 15 እስከ ሚያዝያ 15 በፈረንጆች አቆጣጠር መቀመጥ ይችላል፤ የዚህ የሰባት ወር ፈቃድ ዋጋም ለብዙ ዓመታት 180 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። ከእነዚህ ስፍራዎች ውጭ ባለው የሕዝብ መሬት ላይ ግን ማደር በነጻ ቢሆንም፣ በ28 ቀን ውስጥ ከ14 ቀን በላይ በአንድ ቦታ መቆየት ስለማይፈቀድ ተጓዡ ጊዜው ሲደርስ ነቅሎ 40 ኪሎ ሜትር ያህል መራቅ ይኖርበታል። በዚህ መሠረት ሕጉ ራሱ ሁለት ዓይነት መንገደኛ ይፈጥራል፤ አንዱ ከፍሎ የሚከርም፣ ሌላው ሳይከፍል የሚነሣ ነው።

ስለዚህ ኑሮ በብዛት የሚነገረው ነጻነቱ ነው፤ የቤት ዕዳ፣ የሣር አጨዳና የንብረት ግብር የቀረለት ሰው በፈለገበት ያድራል፣ ሲያሻው ይነሣል። የዕለት ኑሮው በቅርብ ሲታይ ግን ነጻነት ከሚባለው ይልቅ ልኬት የሚባለው ጎልቶ ይወጣል። ተሽከርካሪው በቆመበት ቦታ የውኃ ቧንቧም ሆነ የኤሌክትሪክ መስመር ስለሌለ፣ ኑሮው የተመሠረተው ከወለሉ ሥር በተገጠሙ ሦስት ታንኮች ላይ ነው፤ አንዱ ንጹሕ ውኃ፣ ሁለተኛው ከእቃ ማጠቢያና ከሻወር የሚወርደውን እጣቢ፣ ሦስተኛው የመጸዳጃውን ፍሳሽ ይይዛል። አንድ አሜሪካዊ በከተማ ቤቱ በቀን በአማካይ 300 ሊትር ያህል ውኃ ሲጠቀም፣ ከዚያ የማይበልጥ ውኃ የሚይዝ ታንክ በምድረ በዳው ሁለት ሰዎችን ሳምንት ከዚያም በላይ ማቆየት አለበት። ስለዚህ ሳህኑ ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ይወለወላል፤ የሻወሩ ውኃ እስኪሞቅ የሚፈሰው ቀዝቃዛ ውኃ በጆግ ተቀብሎ ለቡና ይቀመጣል፤ ገላው ከረጠበ በኋላ ቧንቧው ይዘጋል፣ ሳሙናው ከተመታ በኋላ ለማለቅለቂያ ብቻ ይከፈታል፤ ሳህን የታጠበበት ውኃም ወደ መጸዳጃው ይደፋል፤ ይህም ንጹሑን ውኃ ከማዳኑ በላይ የእጣቢው ታንክ ቶሎ እንዳይሞላ ያደርጋል። በብርሃንም ረገድ እንዲሁ ነው፤ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በቀትር እንኳ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ፣ በጣሪያው ላይ የተነጠፈው ሶላር ወደ ደቡብ ካልተዘቀዘቀ ባትሪውን ሳይሞላ ሊቀር ይችላል፤ ባትሪው ካልሞላም የማሞቂያው ማራገቢያ ሊነጋጋ ሲል በብርዱ ሰዓት ይቆማል።

ይህ ልኬት በራሱ ጽድቅ አይደለም፤ የታንኩ ጥበት የሚያስገድደው ቁጠባ ከነጻ ፈቃድ ከሚመነጭ መታቀብ ጋር አንድ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባውም። ሆኖም አንድ ትልቅ እውነት ይገልጣል፤ በከተማ ቤት ውስጥ ውኃው ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሄደ ከኗሪው ዓይን የተሰወረ ሲሆን፣ በዚህ ኑሮ ግን ሰው የሚያስፈልገውን በእጁ ሞልቶ፣ ያቆሸሸውንም ራሱ ተሸክሞ ወደ ተወሰነው የፍሳሽ መድፊያ ይወስዳል። ከመሬት ተለይቶ ነጻ ወጣ የተባለው ሰው ከማንም ይልቅ ለሚጠጣውና ለሚደፋው የሚጠየቅ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ወደ ምድረ በዳ መውጣት በሃይማኖት ታሪክ አዲስ ነገር ስላልሆነ፣ የእነዚህን ተጓዦች ኑሮ ከበረሃ አበው ማለትም ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፅ መናንያን ኑሮ ጋር ማነጻጸር ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍተ መነኮሳት ከሚባሉት ሦስት መጻሕፍት አንዱ የሆነው ፊልክስዩስ የእነዚህን አበው ታሪክና ምክር በጥያቄና በመልስ የሚያብራራ ስለሆነ፣ ትምህርቱ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይደለም። ከእነርሱ አንዱ የነበረውና እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው ኤቫግርዮስ፣ ሀኬት ስለተባለው ፈተና ሲያስተምር፣ ይህ ሰውን ከተጋድሎው የሚያሰለች የነፍስ ታካችነት በቀትር መጥቶ ፀሐይዋ የቆመች እስክትመስል ቀኑን እንደሚያስረዝም፣ መነኩሴውንም በዓቱን አስጠልቶ ሌላ የተሻለ ቦታ እንዳለ እንደሚያሳስበው ይገልጻል። እማ ሲንቅሌጢቃ የተባለችው እናትም ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወር መነኩሴ እምነቱ እንደሚቀዘቅዝ ስታስረዳ፣ እንቁላሏን ትታ በመነሣቷ ጫጩት ሳታወጣ በቀረች ወፍ ትመስለዋለች። እንግዲህ ወደ ምድረ በዳ የወጡት አበው ዓለምን የተዉት ለመዞር ሳይሆን ለመቀመጥ እንደነበር ግልጽ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የሙሉ ጊዜ ተጓዥ በትልቅ ፈተና ውስጥ ይኖራል፤ ምክንያቱም ለበረሃው መነኩሴ ሐሳብ ብቻ የነበረው መነሣት ለእርሱ ቁልፍ እንደማዞር የቀለለ ነው። ጎረቤቱ ጄኔሬተሩን ቢያስጮህ፣ ከወዳጁ ጋር ቢቀያየም፣ ወይም ልቡ ያለ ምክንያት ቢከፋበት ይቅር ሳይባባልና ሳይመረምር ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ መንቀሳቀስን ሁሉ ሀኬት ማለት ስሕተት ይሆናል፤ አበው ያወገዙት የእግርን መነሣት ሳይሆን ከተቀበሉት አደራ መሸሽን ነውና፣ በአንድ ቤት ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ ከጎረቤቱ ጋር የማይነጋገር ሰውም በእነርሱ ትምህርት የተቀመጠ አይባልም።

ይህን ነጥብ ከሁሉ ይልቅ የሚያበራው በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 35 የተጻፈው የሬካባውያን ታሪክ ነው። ሬካባውያን አባታቸው ኢዮናዳብ ወይን እንዳይጠጡ፣ ቤት እንዳይሠሩ፣ ዘር እንዳይዘሩ፣ በዘመናቸውም ሁሉ በድንኳን እንዲኖሩ ያዘዛቸው ወገኖች ሲሆኑ፣ የናቡከደነፆር ጦር በመጣ ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም ገብተው ነበር። ነቢዩ በቤተ መቅደሱ ውስጥ ወይን ባቀረበላቸው ጊዜ የአባታቸውን ቃል ጠቅሰው እምቢ አሉ፤ እግዚአብሔርም ለይሁዳ ሕዝብ ምሳሌ አደረጋቸው። በዚህ ታሪክ ሊስተዋል የሚገባው ምስጋናው የተሰጠው ለድንኳኑ ሳይሆን ለመታመናቸው መሆኑ ነው፤ በዚያን ሰዓት በቅጥር ከተማ ውስጥ የነበሩ ቢሆኑም ማንነታቸውን አላጡም፣ የከተማዋ ሰዎች ደግሞ ቤትና ወይን እያላቸው ቃል ባለመጠበቃቸው ተወቀሱ። እንግዲህ ሰውን አንድ ቦታ የሚያኖረው ግድግዳው ካልሆነ፣ ከቦታ የሚያላቅቀውም ድንኳኑ አይደለም፤ ሚዛኑ የሚጠየቅበት ቃል ያለው ወይም የሌለው መሆኑ ነው።

ተጓዡ ከሚጠየቅላቸው ነገሮች የመጀመሪያው ምድሪቱ ናት። የዚያ አካባቢ መሬት በብዙ ስፍራ የበረሃ ንጣፍ በሚባል፣ ነፋስና ውኃ ከብዙ ዘመን በኋላ አጠጋግተው በደረደሯቸው ትናንሽ ድንጋዮች የተሸፈነ ሲሆን፣ ይህ ንጣፍ አንድ ጊዜ ከተነሣ በሰው ዕድሜ አይመለስም፤ ጄኔራል ጆርጅ ፓተን እ.ኤ.አ. በ1942 ባቋቋሙት የበረሃ ጦር ማሠልጠኛ የተነዱት ታንኮች የተዉት ዱካ ዛሬም በዚያ ምድረ በዳ ይታያል። ከወንዙ ማዶ በካሊፎርኒያዋ ብላይዝ አጠገብ ደግሞ፣ የጥንት ነዋሪዎች ጥቁሩን የላይ ድንጋይ ገልጠው ከሥሩ ያለውን ነጣ ያለ አፈር በማውጣት የሠሯቸው ግዙፍ የሰውና የእንስሳ ምስሎች አሉ፤ የሞሃቪና የኬቻን ሕዝቦች የሰውን ምስል ከፈጣሪያቸው ከማስታምሆ ጋር ያገናኙታል። እነዚህ ምስሎች በመኪና ጎማ በመጎዳታቸው ዙሪያቸው በአጥር መከለል አስፈልጓል። ለአንድ ሌሊት የመጣ እንግዳ ከአንድ ሕዝብ ቅዱስ ነገር ላይ የማይጠፋ ጠባሳ ሊተው መቻሉ፣ አላፊ ነኝ ማለት ከኃላፊነት እንደማያድን ከማንኛውም ክርክር በላይ ያስረዳል፤ እንዲያውም የሠራውን ጉዳት ተቀምጦ የማያየው እንግዳ ከነዋሪው ይልቅ መጠንቀቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ጎረቤት ነው። በክረምቱ ሜዳ ሰዎች ወንበራቸውን በክብ አድርገው በጠዋት ቡና፣ በማታም እሳት ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ከብዙዎቹ ዕድሜ የተነሣም እስከ ረፋድ መጋረጃው ያልተገለጠ ጎረቤትን በር ማንኳኳት ደግነት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። ሕጉም ከዚህ አይርቅም፤ የሙሉ ጊዜ ተጓዥ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት፣ ለመምረጥና መድን ለመግባት ሕጋዊ መኖሪያ ማለትም መንግሥት የዚህ ክፍለ ግዛት ሰው ነው ብሎ የሚመዘግብበት አድራሻ ሊኖረው ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በጆና በኬይ ፒተርሰን የተመሠረተው ኤስኬፒስ የተባለው የተጓዦች ክበብ በቴክሳስዋ ሊቪንግስተን ለአባላቱ ደብዳቤ የሚቀበልና ባሉበት የሚልክ አገልግሎት ያቋቋመው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላም በሕመም ወይም በእርጅና መንዳት ያቃታቸው አባላት በራሳቸው ተሽከርካሪ ውስጥ እየኖሩ በምግብና በመጓጓዣ የሚረዱበት ማእከል እዚያው ተከፍቷል። መንገዱ ሲያበቃ የሚያስፈልገው ቤት እንዳልሆነ ይህ ማእከል ያሳያል፤ ቤቱ በጎማው ላይ እንዳለ ነው፣ ያስፈለገው የሚጠይቅ ሰው ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ይህ ትንታኔ ኑሮውን መርጠው ለገቡበት እንጂ ቤታቸውን አጥተው ወደ መንገድ ለወጡት አይስማማም ሊባል ይችላል። ተቃውሞው እውነት ነው። ጄሲካ ብሩደር እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመችው «ኖማድላንድ» የተባለ መጽሐፍ፣ ከእርሱም ተወስዶ ክሎዊ ዣኦ ባዘጋጀችውና እ.ኤ.አ. በ2021 የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ባገኘው ፊልም እንደታየው፣ እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ጡረታቸው የቤት ኪራይ የማይሸፍንላቸው አረጋውያን በተሽከርካሪ እየኖሩ በዕቃ መጋዘን፣ በስኳር ቀይ ሥር አጨዳና በመናፈሻ ጥበቃ ከወቅት ወደ ወቅት ይሠራሉ። ቁጠባቸውን እንደ ምናኔ ማወደስ ችግርን በጽድቅ ስም መሸፈን ይሆናል፤ ምናኔ ሊኖረው የሚችለውን መተው እንጂ የተነጠቀውን መቀበል አይደለምና። መርጦ የወጣውንና ተገፍቶ የወጣውን የሚለየው ጥያቄም ቀላል ነው፤ ይህ ሰው መዞሩን ላቁም ቢል የሚቀመጥበት አለው ወይ?

ይሁን እንጂ ተቃውሞው መሠረቱን ከማፍረስ ይልቅ ሙሉ ያደርገዋል፤ ምክንያቱም ተጠያቂነት በአንድ ወገን ብቻ የሚቆም ነገር አይደለም። ተጓዡ ለውኃው፣ ለመሬቱና ለጎረቤቱ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ በመራጭነት መዝግቦ፣ ግብሩን ተቀብሎና በጉልበቱ ተጠቅሞ ያቆየው ኅብረተሰብም ስለ እርሱ ይጠየቃል። አርስጣጣሊስ ሰውን ከማኅበሩ ለይቶ ማሰብ እንደማይቻል ያስተማረው ትክክል ሲሆን፣ ማኅበሩን ከከተማ ቅጥር ጋር ማያያዙ ግን በዚህ ኑሮ ፊት አይጸናም፤ የእምነት አባቶችም በድንኳን ሲኖሩ እንግዶች የነበሩት ለመሬቱ እንጂ ለቃል ኪዳናቸው አልነበረም። ስለዚህ መኖር ማለት መተከል ሳይሆን መጠየቅና መጠየቅን መቀበል ነው፤ ቤቱ ጎማ ያለው ሰውም በዚህ ትርጉም ሙሉ ነዋሪ ሊሆን ይችላል፣ የሚጠይቀው የሌለው ሰው ግን በድንጋይ ቤት ውስጥም ቢሆን ቤት አልባ ነው፤ ለዚህ ቤት አልባነትም ኃላፊው እርሱ ብቻ ሳይሆን ሳይጠይቁት ያለፉት ሁሉ ናቸው።