ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ንጉሥ አይበድልም አይልም፤ የሚለው የገበሬ ሞፈር ሰማይ እንደማይደርስ ሁሉ የተበዳይ አቤቱታም ከዙፋኑ በላይ ችሎት እንደማያገኝ ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ፣ ክብሩንም የማይደፈር ሲል ይህንኑ በአንቀጽ አጽንቶታል።

ታሪክም ተረቱን እምብዛም አላሳፈረውም። የወላይታው ካዎ (ንጉሥ) ጦና በ1887 ዓ.ም. የወረደው ተከሶ ሳይሆን በምኒልክ ጦር ተሸንፎ ነው፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም በ1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባለው ሀገር ጥሎ ከሸሸ ከዐሥራ አምስት ዓመታት በኋላ ነው። የሚከሰሰው ንጉሥ፣ እንግዲህ፣ ዙፋኑን አስቀድሞ ያጣው ነው።

ተረቱ ዝም ያለበት ጉዳይ ግን አለ፤ ይኸውም ንጉሡ ራሱ ሳይከሰስ በሌሎች ሙግት እጁን ሲያስገባ ዳኛው ምን ያደርጋል የሚለው ነው። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ኩክ በ1603 እ.ኤ.አ. የዘውዱ ዐቃቤ ሕግ ሳለ አሳሹን ዋልተር ራሊን በችሎት እየተሳደበ የከሰሰ፣ ለንጉሥ ጥቅም የማይመለስ ሰው ነበር። በ1616 ግን፣ የአገሪቱ ታላቅ ዳኛ ሆኖ፣ ንጉሡ ቀዳማዊ ጄምስ በዳኞቹ እጅ ያለ ጉዳይ እንዲቆም አዝዞ ወደፊትም ይታዘዙ እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ ሌሎቹ እሺ ሲሉ ኩክ ብቻ ለዳኛ የሚገባውን አደርጋለሁ ብሎ መለሰ፤ በዚያው ዓመትም ተሻረ። ከሹመት የወረደው ዳኛ ፓርላማ ገብቶ፣ በለንደን ግንብ ታስሮ፣ በ1628 ሰው ያለ ሕጋዊ ምክንያት እንዳይታሰር የሚጠይቀውን የመብት አቤቱታ ከመሩት አንዱ ሆነ።

በኢትዮጵያ የዚህ ታሪክ ቅርብ ዘመድ ብርቱካን ሚደቅሳ ናቸው። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሉ የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃን በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ፤ ተከሳሹ ግን ወዲያው ዳግም ተያዙ። ዳኛዋም ወደ ፖለቲካ ገብተው፣ ከምርጫ 97 በኋላ ሁለት ጊዜ ታስረው፣ በ2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ።

በዳኛ ሥራ እጁን የሚያስገባው ግን ሁልጊዜ ንጉሥ አይደለም። በወላይታ በኦፋ ወረዳ ከተማ በገሱባ ስለ ወሰን የሚካሰስ ገበሬ ንጉሥ የመክሰስ ሐሳብ የለውም፤ የሚያሰጋው ባላጋራው ዘመድ ባለሥልጣን እንዳለውና ያ ባለሥልጣን ዳኛውን እንደሚያስጠራው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በስተቀር በማንም እንዳይመራ ከማዘዙም ሌላ፣ ያለ ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ውሳኔና ያለ ምክር ቤት ማጽደቅ ከጡረታ ዕድሜው በፊት እንዳይሻር ይከለክላል፤ ኩክን ያሻረው ግን የአንድ ሰው ቃል ነበር።