የቤት ጉዳት በማን ስም ይቈጠር?

ለአባቶችና ለእናቶች፥ ለተማሪዎችም የቀረበ ምክር

አንባቢ ሆይ፤ ዓመት በተለወጠ ጊዜ፥ አደይ አበባ በሜዳው ላይ ሲፈነዳ፥ ሰው ሁሉ ያለፈውን ዘመን ወደ ኋላ ተመልክቶ በቤቱ የሆነውን ይቈጥራል። ማን ተወለደ፥ ማን ተዳረ፥ ማን ትምህርቱን ጨረሰ፥ ማን ወደ ሩቅ አገር ሄደ፥ ማንስ ታሞ ዳነ እየተባባለ ይጫወታል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ የተቀበለውን ስጦታ የማይቈጥር ሰው ሰጪውን ማመስገን አይችልምና። ነገር ግን በዚህ ቈጠራ ውስጥ አንድ የተሰወረ ፈተና አለ፤ ይኸውም ደስታውን በራሳችን ስም፥ ጉዳቱን ግን በሌላ ሰው ስም መቍጠራችን ነው። ልጁ ቢመረቅ «ያሳደግሁት እኔ ነኝ» እንላለን፤ ጀበናው ቢሰበር ግን «ማነው የሰበረው?» ብለን እንጮኻለን። ስለዚህ ነገር ከአንተ ጋር ልነጋገር ወደድሁ፤ ምሳሌውንም የማመጣው ከሰው ቤት ሳይሆን ከገዛ ቤቴ ነው።

ባለፈው ዓመት በቤታችን ብዙ በጎ ነገር ሆነ። ታላቋ ልጃችን የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ፈጽማ በሐምሌ ወር ተመረቀች፤ ታናሽ ወንድሟም የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አለፈ። ከዚያም አስቀድሞ፥ በፋሲካ ሰሞን፥ እኔና ባለቤቴ ልጁን ይዘን ታላቅ እኅቴን ለመጠየቅ ወደ ድሬዳዋ ወረድን። አባቶቻችን ወደዚያች ከተማ ይወርዱ የነበረው በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው በአሮጌው የምድር ባቡር ነበር፤ እኛ ግን በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው፥ በኤሌክትሪክ ኀይል በሚሄደው ባቡር ከለቡ ተነሥተን፥ አዳማንና መተሐራን አልፈን፥ የአዋሽን ቈላ በመስኮት እያየን ሄድን።

ባለቤቴ ለእኅቴ ስጦታ ይሆን ዘንድ አንድ ጣሳ ሙሉ ቅቤ አዘጋጅታ ነበር። የቈላው ሙቀት በበረታ ጊዜ ቅቤው ቀለጠ፥ ከጣሳውም ወጥቶ በሻንጣው ያለውን የክት ልብሳችንን ሁሉ አበላሸው። እኔም ተቈጥቼ «ይህን ጣሳ እንዲህ አላልቶ ያሰረ ማን ነው?» አልሁ። ልጄም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባባ፥ ያሰሩት እርስዎ አይደሉም?» አለኝ። በአጠገባችን የተቀመጡት መንገደኞች ሳቁ፥ እኛም ሳቅን። ጉዳቱ ቀላል ነበርና ሳቅ አተረፍንበት፤ ትምህርት ግን አልተማርሁበትም። ከዚያ ከቀለጠው ቅቤ ተምሬ ቢሆን ኖሮ በክረምት ያገኘኝ ኀፍረት ባላገኘኝ ነበር።

ከእኛ ጋር የምትኖር አንዲት ልጅ አለች፤ ዕድሜዋ ዐሥራ ሰባት ዓመት ነው። ከገጠር የመጣች ስትሆን ቀን የቤቱን ሥራ ትሠራለች፥ ማታ ትማራለች። የልጃችን የምረቃ ግብዣ በተደረገበት ማታ ዝናሙ በኀይል ይዘንም ነበር። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ፥ ቡናው ተፈልቶ ሳለ፥ ከማድ ቤት የሚመጣው ጢስ እንግዶቹን ማስሳል ጀመረ። እኔም ተነሥቼ ሄድሁና «በሩን ዝጊው፥ እስኪነጋም እንዳትከፍቺው» ብዬ አዘዝኋት። አልጋዋ በዚያው በማድ ቤት ነበር። እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ ደክሟትና በርዷት ስለ ነበረ፥ ፍሙን በምድጃው እንዳለ ትታ፥ በሩንም እንደ ታዘዘችው ዘግታ ተኛች።

በማለዳ ባለቤቴ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠራቻት፤ መልስ አልነበረም። እኔም ከአልጋዬ ሳልነሣ «ድግሱ አሰነፋት» አልሁ። ልጃችን ሄዶ በሩን በከፈተ ጊዜ ጮኸ። ልጅቱ አስታውካ በአልጋዋ ሥር ወድቃ አገኛት፤ ትተነፍሳለች፥ ስትጠራ ግን አትመልስም። ከሰል መትቷት ነበር። ተሸክመን ወደ ነፋስ አወጣናት፥ በጎረቤትም መኪና ወደ ሐኪም ቤት አደረስናት፤ ኦክስጅን እየተሰጣት ዋለች፥ ወደ ማታም ነፍስ ዐወቀች። ሐኪሙ «በሩ ተዘግቶ ነበርን?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ባለቤቴ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔ ግን «ልጅ ናት፤ ፍሙን ሳታወጣ ተኛች» ብዬ መለስሁ። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን እውነቱን ለመሸሸግ የተነገረ ነበር።

ይህን ነገር የማያውቅ እንዲጠነቀቅ፥ የሚያውቅም እንዲያስብ፥ ጥቂት ቃል ልጨምር። ከሰል አየር በማይገባበት ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣዋል። ይህ መርዝ መልክም ሽታም የለውም፤ ስለዚህ «ጢሱ አልቋል፥ ፍሙም ቀልቷል» ብሎ መተማመን ትልቅ ስሕተት ነው። መርዙ ከደም ጋር ተዋሕዶ የኦክስጅንን ስፍራ ስለሚይዝ፥ ሰውየው አስቀድሞ ራሱን ያመዋል፥ ያዞረዋል፥ ያቅለሸልሸዋል፤ የተኛም እንደ ሆነ ሳይሰማው ከእንቅልፍ ወደ ሞት ሊሻገር ይችላል። መድኃኒቱ ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ ሐኪም ማድረስ ነው እንጂ ወተት ማጠጣት አይደለም።

እንቍጣጣሽ በደረሰ ጊዜ እንደ ልማዳችን በድሬዳዋ ላለችው እኅቴና በአሜሪካ ለሚኖረው ወንድሜ የዓመቱን ወሬ ልንጽፍላቸው ተቀመጥን። እኔ እናገራለሁ፥ የተመረቀችው ልጄ በስልኳ ትጽፋለች፤ ያቺ ልጅም ቡና ትቀዳ ነበር። ስለ ምረቃው፥ ስለ ፈተናው፥ ስለ ጕዞው፥ ስለ ቅቤውም ሳይቀር አስጻፍሁ። ከዚያ በኋላ «በሠራተኛችን ቸልተኝነት ትንሽ አደጋ ደርሶብን ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን፥ በደኅና አለፈ» አልሁ። በዚያን ጊዜ ቡና የሚቀዳው እጅ በሲኒው ላይ ቆመ። ልጅቱ አንድ ቃል አልተናገረችም። ልጄ ግን መጻፏን ትታ «አባባ፥ በሩን ያዘጉት እርስዎ አልነበሩም?» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፤ የምመልሰው አጣሁ። በባቡር ላይ የሰማሁት ጥያቄ ተመልሶ መጣ፤ በዚያ ጊዜ የጠፋው ቅቤ ነበር፥ በዚህ ጊዜ ግን ልትጠፋ የነበረችው ነፍስ ናት። የተጻፈውን አስጠፋሁና «በሩን ዝጊ ብዬ ያዘዝሁ እኔ ነኝ፤ ልጅቱ በእኔ ትእዛዝ ልትሞት ነበር» ብዬ አስጻፍሁ። ተነሥቼም በልጆቼ ፊት ይቅርታ ለመንኋት። እርሷም እያለቀሰች «ጋሼ፥ እኔም ፍሙን ማውጣት ነበረብኝ» አለች። አስተውል፤ እኔ የራሴን ድርሻ እስክወስድ ድረስ እርሷ የራሷን ልትናገር አልቻለችም፤ የእኔ ሸክም በላይዋ ተጭኖ ነበርና።

ይህ በደል በእኔ ቤት የተጀመረ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት በሦስተኛው ምዕራፍ እንደምናነበው፥ በመጀመሪያው ቤተ ሰብ ጥፋት በተገኘ ጊዜ ባልየው በሚስቱ አመካኘ፥ ሚስቲቱም በእባቡ አመካኘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደል በቤታችን እንደ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከባል ወደ ሚስት፥ ከሚስት ወደ ልጅ፥ ከልጅ ወደ ሠራተኛ። ሠራተኛይቱ ግን ከእርሷ በታች ሰው ስለሌለ የሁሉንም ተሸክማ ትቀራለች።

በሉቃስ ወንጌል በሁለተኛው ምዕራፍ ግን ሌላ ቤተ ሰብ እናገኛለን። በዓል፥ ጕዞና ጉዳት በአንድነት ደረሱባቸው። ልጁ ዐሥራ ሁለት ዓመት በሞላው ጊዜ ዮሴፍና ማርያም ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም ወሰዱት፤ ሲመለሱም ከዘመዶች ጋር ያለ መስሏቸው አንድ ቀን ሙሉ ከተጓዙ በኋላ እንደ ሌለ ዐወቁ። ከዚህ የሚበልጥ የወላጅ ድንጋጤ ምን አለ? ነገር ግን ዮሴፍ «አንቺ አልነበርሽምን የምትጠብቂው?» እንዳለ አልተጻፈም፤ ዘመዶቻቸውንም እንደ ከሰሱ አልተጻፈም። ሁለቱ አብረው ያን መንገድ ተመለሱ፥ አብረውም ፈለጉ። ከሦስት ቀን በኋላ በመቅደስ ባገኙት ጊዜ እናቲቱ ልጁን ስትጠይቀው፥ የፈለጉት እርሷና አባቱ ሁለቱም በጭንቀት እንደ ነበረ ተናገረች፤ ጭንቀቱን ከባሏ ጋር ተካፈለችው እንጂ በእርሱ ላይ አልጫነችውም። ወንጌላዊውም ይህን የቤታቸውን ድንጋጤ ሳይሸሽግ ጻፈልን።

ደግሞ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈውን፥ አንድ ምዕራፍ ብቻ ያለውን መልእክት ተመልከት። አናሲሞስ የፊልሞና አገልጋይ ነበር፤ ከጌታውም ተለይቶ ሄዶ ነበር። ጳውሎስ ወደ ጌታው ሲልከው፥ በደል ወይም ዕዳ ቢገኝበት በእርሱ በጳውሎስ ላይ እንዲቈጠር ለመነ፤ እንደሚከፍልም በገዛ እጁ ጽፎ አረጋገጠ። እነሆ፥ ጳውሎስ ያልበደለውን በስሙ አስቈጠረ፤ እኔ ግን የበደልሁትን በልጅቱ ስም አስቈጠርሁ። የክርስቲያን ቤት ከሌላው ቤት የሚለየው ጉዳት ስለማይደርስበት አይደለም፤ ጉዳት በደረሰ ጊዜ ታላቁ ሰው ዕዳውን በስሙ ስለሚያስቈጥር ነው።

ምናልባት «የቤትን ገበና መሸፈን የአባቶቻችን ምግባር አይደለምን? ለምን በአደባባይ እናወጣዋለን?» የሚል ይኖራል። መልካም ጥያቄ ነው። ገበናን መሸፈን በእውነት ፍቅር ነው፤ ነገር ግን የምንሸፍነው የማንን ገበና እንደ ሆነ እንመርምር። የደካማውን ጥፋት በዝምታ የሸፈነ ሰው ወንድሙን አከበረ። የራሱን ጥፋት በደካማው ስም የሸፈነ ግን በሐሰት መሰከረ እንጂ ገበና አልሸፈነም፤ የራሱን ዕርቃን ለመሸፈን የድኻይቱን ነጠላ ገፈፈ። ልትናገር ካልወደድህ ዝም በል፤ ከተናገርህ ግን እውነቱን ሁሉ ተናገር።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፤ በቤትህ ጉዳት በደረሰ ጊዜ ሦስት ነገር አስብ።

አንደኛ፥ «ማን አደረገው?» ከማለትህ በፊት «ማን ተጐዳ?» ብለህ ጠይቅ። ሲኒ ቢሰበር እጅ ተቈርጦ ይሆናል፤ የፈላ ውሃ ቢፈስስ እግር ተቃጥሎ ይሆናል። የሲኒው ዋጋ ከእጁ በፊት የሚታይበት ቤት፥ ግድግዳው ሁሉ በመስቀልና በቅዱሳን ሥዕል ቢሸፈን፥ ገና ክርስቲያን አልሆነም።

ሁለተኛ፥ የሌላውን ድርሻ ከመፈለግህ በፊት የራስህን ድርሻ ፈልግ። ሕፃኑ የደረሰበትን ምድጃ እዚያ ያኖረው ማን ነው? የደከመችውን ልጅ እስከ እኩለ ሌሊት ያሠራት ማን ነው? በማድ ቤት እንድትተኛ ያደረጋትስ ማን ነው? እኛ ከዚያ ቀን በኋላ የልጅቱን አልጋ ከማድ ቤት አውጥተን መስኮት ወዳለው ክፍል አስገባነው። ይህን በሰማህ ጊዜ «ስለ ምን አስቀድሞ አላደረጋችሁትም?» ትል ይሆናል፤ እኔም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛ፥ ድርሻህን ባወቅህ ጊዜ በተጐዳው ሰው ፊት፥ ልጆችህም እየሰሙ ተናገረው። አባት «አጠፋሁ» ሲል የሚከበርበት ነገር ይቀንስበታል ብለህ አትፍራ። ልጆቻችን ጥፋታችንን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል፤ ከአፋችን እስኪሰሙት ድረስ ይጠብቃሉ እንጂ። የማያጠፋ አባት ልናሳያቸው አንችልም፤ እውነትን የሚናገር አባት ግን ልናሳያቸው እንችላለን።

አንተም ተማሪ ሆይ፥ አንቺም ተማሪ ሆይ፤ የምረቃችሁን ልብስ ለብሳችሁ፥ አበባ ይዛችሁ ፎቶግራፍ በምትነሡበት ቀን፥ ከሥዕሉ ውስጥ የጐደለ ሰው እንዳለ ተመልከቱ። እናንተ መጽሐፍ ስትገልጡ እንጀራውን የጋገረው እጅ፥ ልብሳችሁን ያጠበው እጅ፥ በዚያች ቀን በማድ ቤት ይሆናል። ጠርታችሁ በአጠገባችሁ አቁሙት። እርሷም እንደ እናንተ ተማሪ ብትሆን፥ የእርሷ መመረቂያ በደረሰ ጊዜ የእናንተ ቤት እንደ ቤተ ዘመድ ይደግስላት።

ዛሬ ማታ መብራት ከማጥፋትህ በፊት ሁለት ነገር አድርግ። ፍሙ ከቤት መውጣቱን ተመልከት፤ ከዚያም በዚህ ዓመት በቤትህ የደረሰውን ጉዳት አስበህ፥ በሌላ ሰው ስም የተጻፈ የአንተ ዕዳ ካለ ስሙን ለውጥ። የበደላችንን ጽሕፈት በራሱ ላይ የወሰደ ጌታ፥ የታናሾቻችንን ሸክም ከጫንቃቸው እናነሣ ዘንድ ልብ ይስጠን፤ በየቤታችንም በደስታውና በጉዳቱ መካከል ሰላሙን ያኑርልን። አሜን።