የሕመምተኛ ምስጢርና የእኛ አንደበት



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ምክሩ ለሕመምተኛው ነው፤ ለሚያድንህ ንገር ሲሉት ነው። እኛ ግን የሰውን በሽታ ገበያ ለማውጣት እንደ ፈቃድ እንቆጥረዋለን። የታመመው ባለሥልጣን ሲሆንማ «የሕዝብ ሰው ምን ምስጢር አለው?» እንላለን። እውነት ምስጢር የለውምን?

ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በክልላችን በጉባ የሕዳሴውን ግድብ የመሠረት ድንጋይ አኖሩ። በ2004 ዓ.ም. ክረምት ግን ከሕዝብ ዐይን ራቁ። በሐምሌ ወር አዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ሳይገኙ ሲቀሩ ወሬው ተቀጣጠለ። መንግሥት መታመማቸውን ቢያምንም የሕመማቸውን ዓይነት አልገለጸም። ስለ ጤናቸው የጻፈው «ፍትሕ» ጋዜጣ ታትሞ ሳለ እንዳይሠራጭ ታገደ። አንዱ ሞተዋል፣ ሌላው ድነዋል ሲል ሰንብቶ ነሐሴ 14 ቀን ዐረፉ።

በዚህ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀውብን ነበር። አንደኛው «ሥራውን ማን ይዞታል? ግድቡንስ ማን ይጨርሰዋል?» የሚለው ነው። ይህ የሕዝብ ጥያቄ ስለ ሆነ መልስ ይገባዋል። ግድቡም በሌሎች እጅ አልፎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሁለተኛው «ሰውነታቸውን ምን ነካው?» የሚለው ነው። ይህ የሕመምተኛው፣ የቤተ ሰቡ፣ የሐኪሙና የንስሐ አባቱ ነው። ሕመሙ ሥራ የማያሠራ ከሆነ አለመቻሉ ይነገር፤ የበሽታው ስም ግን ለአደባባይ አያስፈልግም።

ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ፣ በ1901 ዓ.ም.፣ ልጅ ኢያሱ ወራሻቸው መሆናቸው ለሕዝብ ታወጀ። ሕዝቡ ማወቅ የሚገባው ይህንኑ ነበር። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ግን ሞታቸው ተደበቀ። ሞትን መደበቅ የሕመምተኛን ክብር መጠበቅ አይደለም፤ የሕዝብን ጉዳይ መሸሸግ ነው።

«እነርሱ ከደበቁ እኛ ብናወራ ምን ኃጢአት አለው?» የሚል ይኖራል። መጠየቅን የሚከለክል ሰው ለሐሜት በር እንደሚከፍት እውነት ነው። ቢሆንም የሌላው ዝምታ የእኛን ሐሰት እውነት አያደርገውም። የሚጠይቅ ሰው መልስ ወዳለው ዘንድ ይሄዳል፤ አላውቅም ለማለትም አያፍርም። የሚያማ ግን ያላየውን እንዳየ አድርጎ፣ መልስ ለሌለው ለጎረቤቱ ያቀብላል።

ወጣቶች ሆይ! ነገሩ በሹማምንት ብቻ አያበቃም። እዚህ አሶሳም መምህራችን ወይም የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሊታመም ይችላል። ያን ጊዜ ሥራው እንዳይጓደል በግልጥ እንጠይቅ። ሕመሙን ግን እርሱ ራሱ እስኪነግረን ድረስ እንተውለት።