ደዌን መመርመር አለማመን ነውን?

አንድ አረጋዊ ካህን ወዳጄ ከስግደት ቀና ሲሉ ራሳቸውን እያዞራቸው በመቋሚያቸው ይደገፉ ነበር። ገሚሱ ሰው «እርጅና ነው»፥ ገሚሱም «የመንፈስ ፈተና ነው» አለ፤ እኔም፥ አልሸሽግም፥ ከኋለኞቹ ጋራ ነበርሁ። ሐኪሙ ግን የደማቸውን ግፊት ተኝተው ሳሉ፥ ደግሞም ከቆሙ በኋላ እስከ 3 ደቂቃ ድረስ ቢለካ የላይኛው ቍጥር ከ20 በላይ ወረደ፤ ይኸውም የግፊት መድኃኒታቸውን እንደ ወትሮው እየዋጡ በጾም ውኃ ባለመጠጣታቸው ነው። የመድኃኒቱንም መጠን እርሱው አስተካከለ፤ በገዛ እጅ ማቋረጥ አደጋ አለውና።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጅ መክሮታል፤ ይህን እምነት ማጉደል የሚለው ማን ነው? ሳይመረምሩ «መንፈስ ነው» ማለት ግን በወንድም ላይ ያላዩትን መመስከር ነው።

የንስሐ አባታቸው በጾም ሰዓት ውኃ እንዲጠጡ ፈቀዱላቸው። ሽማግሌው ግን ጽዋውን ይዘው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።