ወርቁ ሲያልቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፥ ዛሬ ነዋሪዎቿ ጥለዋት ስለ ሄዱ አንዲት ከተማ እንነጋገር። ከተማዪቱ ቦዲ ትባላለች። የምትገኘውም በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ ምሥራቃዊ ክፍል፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፥ ብርድና ነፋስ በሚበረታበት ራቁት ምድር ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ሰው ለምን ሰፈረ ቢባል መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ወርቅ።

በ1859 (የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቦዲ የሚባል ሰው በዚያ ወርቅ አገኘ። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ በበረዶ ማዕበል ተይዞ ሞተ። ስሙ ለከተማዪቱ ቀረ፤ ወርቁ ግን ለሌሎች ሆነ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተጻፈው፥ ጎተራውን ሊያሰፋ ሲያስብ በዚያች ሌሊት ነፍሱን የተጠየቀው ባለጠጋ ትዝ አይለንምን?

በ1870ዎቹ መጨረሻ ብዙ ወርቅ ያዘለ ድንጋይ ሲገኝ ሕዝብ ጎረፈ። በ1880 ገደማ የነዋሪው ቁጥር ከ7 ሺህ እስከ 10 ሺህ ደርሶ እንደ ነበር ይገመታል። ከ60 የሚበልጡ መሸታ ቤቶች እንደ ነበሩባትም ይነገራል። ቤተ ክርስቲያንስ? የሜቶዲስቶችና የካቶሊኮች ጸሎት ቤቶች የታነጹት በ1882 ነው። በዚያን ጊዜ ግን ወርቁ መመንመን ጀምሯል፤ ብዙው ሰውም አዲስ ማዕድን ተገኘ ወደ ተባለባቸው ወደ ሞንታናና ወደ አሪዞና መፍለስ ይዟል። እንግዲህ ለእግዚአብሔር ቤት የተሠራለት ሰው ጓዙን መጫን ከጀመረ በኋላ ነው ማለት ነው። ነቢዩ ሐጌ በምዕራፍ 1 የወቀሳቸው ሰዎችም እንዲሁ ነበሩ፤ የራሳቸውን ቤት አስቀድመው የጌታን ቤት ለነገ አሉት፤ ደመወዛቸውም በቀዳዳ ከረጢት እንደ ተቀመጠ ሆነ።

ከዚያ በኋላ በ1892ና በ1932 እሳት ከተማዪቱን በላት። በ1942፥ በጦርነቱ ምክንያት መንግሥት የወርቅ ማዕድን ሥራ እንዲቆም ሲያዝ የቀረው ሥራም ቆመ። በ1962 ቦዲ የታሪክ መናፈሻ ሆነች። ዛሬ ከ100 የሚበልጡ የእንጨት ቤቶች ቆመዋል። በአንዳንዶቹ ውስጥ የቤቱ ዕቃ፥ በሱቁም መደርደሪያ ላይ ሸቀጡ እንደ ተቀመጠ አለ። ጠባቂዎቹ ቤቶቹን አያድሷቸውም፤ እንዳይወድቁም ይደግፏቸዋል። የሜቶዲስቱ ጸሎት ቤትም እስከ ዛሬ አለ። በውስጡ ዐሠርቱ ትእዛዛት የተጻፉበት ሸራ ተሰቅሎ ነበር፤ ባለቤት በሌለበት ዘመን ሌባ ገብቶ ወሰደው። ስርቆትን የሚከለክለው ጽሑፍ ራሱ ተሰረቀ።

ይህን ስናነብ መጀመሪያ ሳቅን፤ ቆይተን ግን ስለ ራሳችን አሰብን። ትእዛዙ የተጻፈው በሸራ ላይ ብቻ ከሆነ ሌባ ይወስደዋል፤ በልብ ከተጻፈ ግን ማን ሊሰርቀው ይችላል?

ሥራ መፈለግ ኃጢአት ነው አንልም። ወላጆቻችንን የምንጦረው፥ ታናናሾቻችንን የምናስተምረው ሠርተን ነው። ጥያቄው ከእግዚአብሔር ጋር የተዋወቅነው ለምን ብለን ነው የሚለው ነው። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፈተና ሲቃረብ ስለት ተስለን፥ ከቅዳሴ ሳንቀር ሰንብተን፥ ውጤቱ ሲወጣ የጠፋንበት ጊዜ አለ። ያገኘነውን ቆፍረን ሄድን እንጂ አልኖርንም። ከእኛ በፊት ሲያገለግሉ የነበሩ ወንድሞችና እኅቶችም ሥራ ይዘው ሲቀሩ፥ “ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል” ብለን ዝም አልን። ደጃቸውን አላንኳኳንም።

ወገኖቻችን ሆይ፥ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ጣሪያው ሳይወድቅ ባዶ ሊሆን ይችላል። ወንበሩ ይጠረጋል፤ ከበሮው በቦታው ይሰቀላል፤ መዝገቡም ስማችንን ይዞ ይቀመጣል፤ የሚዘምር ግን አይኖርም። እንዲህ ያለው ቤት ተደግፎ ቆሟል እንጂ ሕያው አይደለም። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 2 መንፈሳዊ ቤት ሆነን እንድንሠራ የነገረን ሕያዋን ድንጋዮች አድርጎ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እንስማማ። በሚመጣው እሑድ ከጉባኤ በኋላ መዝገቡን ገልጠን ከቀሩት መካከል ስም እንውሰድ፤ ሁለት ሁለት ሆነንም ወደ ቤታቸው እንሂድ። ወቀሳ ይዘን አንሂድ፤ “እንደምን ሰነበታችሁ፥ ናፍቃችሁናል” እንበላቸው። ቀድመንም ይቅርታ እንጠይቅ፤ ሳንጠይቃቸው የቆየነው እኛ ነንና።

ወርቁ ሲያልቅም ከቤቱ የማንወጣ ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።